ቢራ ነው ብላችሁ አትቅዱት፤ በርሜል ውስጥ የከረመ ስታውት ለገና እንዴት እንደሚቀመስ

እናቴ ደብረ ብርሃን ጠላ ትሸጥ ነበር። በራችን ላይ እንጨት ተተክሎ ጫፉ ላይ ጣሳ ይደፋል። ጣሳው ካለ ጠላው ደርሷል ማለት ነው። ጌሾ ስወቅጥ፣ እንኩሮ ሳገላብጥ፣ ጋን በወይራ ሳጥን ነው ያደግሁት። ስለዚህ ሺካጎ መጥቼ በርሜል ውስጥ የከረመ ስታውት፣ ከተቆላ እህል የሚጠመቅ ጥቁር ቢራ፣ መጀመሪያ ስቀምስ ጣዕሙ ባዳ አልሆነብኝም። የተቆላ እህል አለው። ጢስ ጢስ ይላል። ምሬቱም አለ። ባዳ የሆነብኝ ጉልበቱ ነው።

ይህን ቢራ ዘመድ በተሰበሰበበት እንዴት እንደምናቀርበውና እንደምንቀምሰው ልጻፍላችሁ። የምጽፍበት ምክንያት አለኝ። መጀመሪያ ያቀረብኩ ዓመት ሰው ተጎድቶብኛል።

የዚያን ዓመት ለገና ሁለት ጠርሙስ ገዝቼ ፍሪጅ ውስጥ ከሌላው ቢራ ጋር ደረደርኳቸው። ለማንም ምንም አልተናገርኩም። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከሥራ በቀጥታ መጣ። ሆዱ ባዶ ነው። ፍሪጁን ከፈተ፣ ጥቁሩን ጠርሙስ አወጣ፣ በትልቅ ብርጭቆ ቀዳ፣ እንደ ጊዮርጊስ ጠጣው። ጠርሙሱን ብቻውን ጨረሰ። ዶሮ ወጡ ሳይቀርብ የቤዝመንቱን ደረጃ ሲወርድ ወደቀና የእጁ አንጓ ተሰበረ። ማታውን ያሳለፍነው ድንገተኛ ክፍል ቁጭ ብለን ነው። እሱ ላይ አልፈረድኩም። ቢራ ብሎ ነው የጠጣው። መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

እና መጀመሪያ ቁጥሩን እንወቅ። ጊዮርጊስ ላገር 5 በመቶ እንኳ አይሞላም። እኔ የማወራላችሁ ቢራ 12፣ 13፣ አንዳንዱ 15 በመቶ ይደርሳል። አሜሪካ ውስጥ አንድ መደበኛ መጠጥ የሚባለው 14 ግራም ንጹሕ አልኮል ያለው ነው። 12 አውንስ የሆነ ባለ 5 በመቶ ቢራ ማለት ነው። ግማሽ ሊትር የሆነ ባለ 14 በመቶ ስታውት ግን 55 ግራም ገደማ አልኮል አለው። አንዷ ጠርሙስ አራት ቢራ ናት። ሥራዬ ላብራቶሪ ውስጥ ስለሆነ መለካት ለምዶብኛል። እናንተም ጠርሙሱን ከመክፈታችሁ በፊት ከጎኑ በትንንሹ የተጻፈውን በመቶኛ ፈልጉና ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ሁሉም ይስማ።

በቁጥር ለማይመቻቸው ሌላ መንገድ አለኝ። «ይህ እንደ አረቄ የሚያዝ ነው» እላለሁ። አረቄ በጣሳ የሚጠጣ የለም። ይህን ያልኩ ቀን ሁሉም ይገባቸዋል።

አሁን ምንነቱን ላስረዳ። ቡርበን የሚባለው የአሜሪካ ዊስኪ በሕግ አዲስ በሆነና ውስጡ በእሳት በተለበለበ የኦክ እንጨት ዕቃ መቀመጥ አለበት። አዲስ ነው የሚለው ሕጉ። ስለዚህ አንዴ ያገለገለ በርሜል ለቡርበን ዳግመኛ አይሆንም። አንዱ በርሜል 53 ጋሎን ይይዛል፣ 200 ሊትር ገደማ። ዊስኪው ሲወጣም እንጨቱ ውስጥ የጠጣው ይቀራል። ያን የሚጥል ሰው የለም። ለስኮትላንድ ዊስኪ ይሄዳል፣ ለሩም ይሄዳል፣ ለቢራ ጠማቂም ይሸጣል።

በ1990ዎቹ እዚሁ ሺካጎ የጉስ አይላንድ ቢራ ፋብሪካ ጠማቂ የነበረው ግሬግ ሆል ከቡርበን አምራቹ ጂም ቢም ባገኛቸው በርሜሎች ውስጥ ከባድ ጥቁር ስታውት አስቀመጠ። ቡርበን ካውንቲ ስታውት የሚባለው እሱ ነው። ጉስ አይላንድን በ2011 ትልቁ የቢራ ኩባንያ አናሃይዘር ቡሽ ገዝቶታል። በዚህ ቅር የተሰኙ ብዙ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ገና በመጣ ቁጥር አንድ ጠርሙስ እገዛለሁ። የከተማዬ ቢራ ነው።

እዚያ በርሜል ውስጥ ቢራው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ያሳልፋል። በጋ ሲሞቅ እንጨቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ክረምት ሲበርድ ይመለሳል። እንጨቱ ሲለበለብ የሚፈጠረው ቫኒሊን የቫኒላ ሽታ ይሰጠዋል። ማንም ቫኒላ ሳይጨምርበት ቫኒላ የሚሸተው ለዚህ ነው። ኮኮናት የሚመስለው ሽታም ከኦኩ ነው የሚመጣው።

እማዬ ከሀገር ቤት ለጥየቃ መጥታ አንዴ አስሸተትኳት። አፍንጫዋን አስጠጋች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ቆየች። «ዕቃውን አጥነውታል» አለች። በርሜሉን ከውስጥ በእሳት እንደሚለበልቡት ነገርኳት። «እኮ፣ ሳይታጠን እንዲህ አይሸትም» አለችኝ። እኛ ጋን የምንደፋበት የወይራ ጢስና እነሱ በርሜል የሚለበልቡበት እሳት ሥራቸው ይቀራረባል። ዕቃውን ያጸዳል፣ መጠጡ ላይም ሽታውን ይተዋል። ይህን ለዘመዶቻችሁ ንገሩ። የፈረንጅ ነገር ነው ብለው የራቁት ሁሉ ወደ ጠረጴዛው ይቀርባሉ።

መቼ ይሻላል ወደሚለው ልምጣ። ቡርበን ካውንቲ በየዓመቱ የሚወጣው ከታንክስጊቪንግ፣ ከአሜሪካኖች የምስጋና በዓል፣ ማግስት፣ ብላክ ፍራይዴይ ላይ ነው። የገና ጾም የሚገባው ደግሞ ኅዳር 15 ነው። ታንክስጊቪንግ ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ያርፋል። ቤታችን ጾመኛ ስላለ ያን ዕለት አላቀርበውም። ጠርሙሱን ገዝቼ ቤዝመንት አስቀምጣለሁ፣ ለጃንዋሪ 7 ይደርሳል። ስድስት ሳምንት መቆየቱ አይጎዳውም። ገና በሥራ ቀን ከዋለ ቅምሻውን ወደ ቅዳሜው አዛውራለሁ። ጠዋት ሥራ ያለበት ሰው እያለ ይህን ቢራ አትክፈቱ።

ስለ ጾም ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ከሚወጡት ጣፋጭ ስታውቶች ብዙዎቹ ላክቶስ አለባቸው። ላክቶስ የወተት ስኳር ነው። ጠርሙሱ ወይም ጣሳው ላይ ይጻፋል። ወተት ለማይስማማው ሰውም፣ በጾም ቀን ለሚቀምስ ሰውም መነገር አለበት። እኔ ላክቶስ ያለበትን ጭራሽ አልገዛም። ጣፋጭነቱ በርሜሉን ይሸፍነዋል።

ለስምንት ሰው የምገዛው ይህን ነው። መጀመሪያ ኦልድ ራስፑቲን፣ ካሊፎርኒያ ፎርት ብራግ ከተማ ያለው የኖርዝ ኮስት ቢራ። 9 በመቶ ነው። በርሜል አልገባም። ሆን ብዬ ነው የምገዛው። ስታውት ያለ በርሜል ምን እንደሆነ ያልቀመሰ ሰው በርሜሉ ምን እንደጨመረ አያውቅም። ሁለት ትንንሽ ጠርሙስ ይበቃል።

ሁለተኛው ስትሬት ጃኬት ነው፣ የሺካጎው የሪቮሉሽን ቢራ ፋብሪካ። ባርሊ ዋይን ይሉታል፣ የገብስ ወይን እንደማለት። ወይን ግን የለበትም፣ ብቅል ነው። ቀለሙ ጥቁር ሳይሆን ቀይ ቡናማ ነው። ሁለት ጣሳ። 13 በመቶ ገደማ ነው። ጠጅ የሚወዱ ዘመዶች የሚመርጡት ይህን ነው፤ የገረመኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነው። እትዬ የምላቸው የባለቤቴ አክስት ስታውቱን አንዴ ቀምሰው አስቀመጡት፣ ይህን ግን «ማር የለበትም? እርግጠኛ ነሽ?» እያሉ ሁለቴ ጠየቁኝ። ማር የለበትም። ብቅሉ ብዙ ነው፣ ውሃው ትንሽ ነው። የቅራሪ ተቃራኒ ብላችሁ አስቡት።

ሦስተኛው ቡርበን ካውንቲ፣ አንድ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ። ለስምንት ሰው ልክ ነው።

መጨረሻው ኬቢኤስ ነው። ከሐይቁ ማዶ ሚሺጋን ውስጥ፣ ግራንድ ራፒድስ ካለው የፋውንደርስ ቢራ ፋብሪካ። ቡናና ቸኮሌት ገብቶበት በቡርበን በርሜል የከረመ ስታውት ነው። 12 በመቶ ገደማ። በጉልበት ከሄድን ከቡርበን ካውንቲ መቅደም ነበረበት። እኔ ግን መጨረሻ አደርገዋለሁ፣ ምክንያቱም ቡናው አፍ ላይ ይቀራል። ከሱ በኋላ ሌላ ነገር ጥሩ አድርጎ አይቀመስም። ደግሞም ከሱ በኋላ የሚመጣው የራሳችን ቡና ነው።

አሁን ልኬት። የቡና ሲኒ አምጡ። የኔ ሲኒ እስከ አፉ ድረስ በውሃ ሲሞላ 70 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ በቤት መለኪያ ለክቼዋለሁ። ከአፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ 60 ነው። ሲኒያችሁን አንዴ ለኩትና ልኩን ያዙ። ለአንድ ሰው በአንድ ዙር አንድ ሲኒ፣ ከዚያ በላይ የለም። በአራቱ ዙር አንድ ሰው 240 ሚሊ ሊትር ይቀምሳል። አልኮሉን ሳሰላው 23 ግራም ገደማ ይመጣል፣ ከሁለት መደበኛ መጠጥ በታች። ያውም በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ በጠገበ ሆድ።

«ይቺ ብቻ?» የሚል ሰው አይጠፋም። በየዓመቱ አለ። አትጨምሩለት። ሁለተኛውን ዙር ሲቀምስ ይተወዋል።

ሲኒው መለኪያ እንጂ መጠጫ አይደለም። ከለካችሁ በኋላ ወደ ብርጭቆ ገልብጡት። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ የወይን ብርጭቆ ይሻላል። ሽታው እዚያ ይሰበሰባል። በብርሌ ሞክሬዋለሁ፣ ያምራልና። ግን አንገቱ ቀጭን ስለሆነ አፍንጫ አይገባበትም፣ ሽታው ለማሽተት አይመችም። ብርሌውን ለሌላ ሥራ አስቀምጡት፣ እመለስበታለሁ።

ቅዝቃዜ ላይ ሁሉም ይሳሳታል። ሀገር ቤት ቢራ በረዶ እስኪሆን ነው የምንወደው። ይህ ግን ሲበርድ አፉን ይዘጋል። ከፍሪጅ እንደወጣ የምትቀምሱት ምሬትና አልኮል ብቻ ነው። 45 ደቂቃ ቀድማችሁ አውጡት። 12 ወይም 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ይስማማዋል። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ጠርሙሱን በእጃችሁ ያዙት። ቀዝቀዝ ብሎ ግን እጅ የማያደነዝዝ ከሆነ ደርሷል። የመጨረሻው ጉንጭ ብርጭቆ ውስጥ ሲሞቅ ከመጀመሪያው ይበልጥ እንደሚጣፍጥ ታያላችሁ።

ከሁሉ የሚከብደው የቤቱ ሽታ ነው። ገና ነው፣ ቁሌቱ ከሌሊት ጀምሮ ቤቱን ሞልቶታል። ዕጣን አለ። ሽቶ ተቀብቶ የመጣ አለ። በዚያ መሐል ቫኒላ የሚያሸት አፍንጫ የለም። እኔ ቅምሻውን ከምግብ በኋላ ሌላ ክፍል አደርገዋለሁ። መስኮት ትንሽ እከፍታለሁ፣ የሺካጎ ጃንዋሪ ለአሥር ደቂቃ ቢገባ አይገድልም። ቡና የምትቆላውን እህቴን ጠብቂን እላታለሁ። ዕጣኑም ቡናውም ከቅምሻው በኋላ ነው። ይህን አስቀድማችሁ ተስማሙ። መሐል ላይ ቡና ከተቆላ ቅምሻው አበቃ።

ከዶሮ ወጥ ጋር አብራችሁ አታቅርቡት። ይህን አጥብቄ የምለው ሞክሬው ነው። ብዙ አልኮል ያለበት መጠጥ የበርበሬን ማቃጠል ያባብሰዋል። ምላስ ይንገበገባል፣ የቢራው ጣዕም ይጠፋል። ምግቡ ይበላ፣ እጅ ይታጠብ፣ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ድፎ ዳቦ ቁረጡ። ቅመም ያልገባበት ዓይብ በሳህን አድርጉ። ለውዝ፣ ቴምር፣ ጥቁር ቸኮሌት ካለ ጥሩ ነው። የገብስ ቆሎ ደግሞ አይቅር። ቆሎውን አላምጠው ስታውቱን ሲጎነጩ ሁለቱ አንድ ዘር መሆናቸውን አፋቸው ይነግራቸዋል። ውሃ በጆግ ይቀመጥ፣ ለእያንዳንዱም ሰው የውሃ ብርጭቆ።

አቀዳዱ። የሚቀዳው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ አሳላፊ ሹሙ። ጠርሙሱ በማንም እጅ አይዙር። አሳላፊ ድሮ ለጌታው ከማቅረቡ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር። ያን ልማድ መልሱት፣ ጥቅም አለው። ከእነዚህ ጠርሙሶች አልፎ አልፎ የተበላሸ ይገኛል። በርሜል እንጨት ነው፣ የሚያኮመጥጥ ተሐዋስያን ይደበቅበታል። አንድ ዓመት አምስት ሰዓት መንገድ ሄጄ የገዛሁት ጠርሙስ ስከፍተው አረፋው እስከ ጠረጴዛው ገነፈለ። ስቀምሰው ሆምጣጤ። ስታውት ኮምጣጣ መሆን የለበትም። እንዲህ ከሆነ ሳታፍሩ ድፉት። ዋጋው ቆጨኝ ብላችሁ ለእንግዳ አትስጡ። አሳላፊው ቀድሞ ከቀመሰ ይህ ከእንግዶቹ በፊት ይታወቃል።

ቀስ ብላችሁ ቅዱ፣ አረፋው እንዳያሳስባችሁ። አንዳንዱ ምንም አረፋ አይኖረውም። ሰዎች ይህን ሲያዩ «ሞቷል» ይላሉ። አልሞተም። አልኮሉ ሲበዛ አረፋው አይቆምም። ከታች ዝቃጭ ካለ የመጨረሻዋን ጣት ጠርሙሱ ውስጥ ተዉት፣ ጠላ ስንቀዳ አተላውን እንደምንጠነቀቅ።

በዕድሜ ከሚበልጡት ጀምሩ። ምርቃት ካለ ይመረቅ። ሁሉም እስኪቀዳለት ማንም አይጎንጭ። የቅምሻ ደስታው ሁሉም በአንድ ጊዜ አፉ ውስጥ አንድ ነገር ይዞ መተያየቱ ነው።

ከዚያ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ብርጭቆውን ወደ መብራት ከፍ አድርጉት። ቡርበን ካውንቲ ብርሃን አያሳልፍም፣ ሲያዘነብሉት ብርጭቆው ላይ ቡናማ እድፍ ጥሎ ይወርዳል። ቀጥሎ ሽታ። አፍንጫን ሙሉ በሙሉ አታስገቡ፣ አልኮሉ ይወጋል። ከብርጭቆው አፍ ጣት ያህል ራቅ አድርጋችሁ፣ አፋችሁን ትንሽ ከፍታችሁ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አጭር አጭር ሳቡ። ከዚያ ትንሽ ጎንጩ፣ የሻይ ማንኪያ ያህል። የመጀመሪያው ጉንጭ አፍን ማስለመጃ ነው፣ አትፍረዱበት። በሁለተኛው አፋችሁ ውስጥ አዙሩት፣ ምላስ ላይ ለአምስት ቁጥር ያህል አቆዩት፣ ዋጡት። ከዋጣችሁ በኋላ በአፍንጫ ተንፍሱ። በርሜሉ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ ይውጥና ያወራል።

አሁን ሰው ምን ቀመስክ ሲባል ዝም ይላል። ቃል ስለሌለው አይደለም፣ የእንግሊዝኛው ቃል ስለማይመጣለት ነው። ኦክ፣ ፊግ፣ ቶፊ እያሉ ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ያነባሉ። ወረቀቱን ውሰዱባቸው። በአማርኛ ጠይቋቸው። ይህ አሻሮ ነው ወይስ ያረረ ቆሎ? ምሬቱ የጌሾ ነው የቡና? ጣፋጩ የማር ነው የቴምር? ጢሱ የወይራ ነው የከሰል? እንዲህ ስትጠይቁ አፉ ይከፈታል። ጋሼ፣ የባለቤቴ አጎት፣ መጠጥ ብዙም አይወዱም፤ ቡርበን ካውንቲን ቀምሰው «አዲስ ኮርቻ» አሉ። ቆዳ ማለታቸው ነው። ወላ የመጠጥ ባለሙያ ከዚያ የተሻለ አይናገርም። እኔም ከዚያ ወዲህ በቀመስኩት ቁጥር ኮርቻው ይመጣብኛል። ልጆቻቸው እዚህ ተወልደው ኮርቻ አያውቁም፣ እና ያ ቀን ስለ አባታቸው ፈረስ ሰምተው አመሹ።

ኬቢኤስ ላይ ክርክር ይነሳል። ቡና የምናውቅ ሰዎች ነን። «ቡናው በዝቶ ተቆልቷል» የሚል አለ፣ «ከትናንት የተረፈ ጀበና ነው» የሚልም አለ። ይከራከሩ። ይህ ዙር ረዘም ቢል ጥሩ ነው።

በዙር መሐል 20 ደቂቃ ስጡ። ውሃ ይጠጣ፣ ዳቦ ይበላ። ያልወደደ ሰው ካለ የሚደፋበት ባዶ ጆግ ጠረጴዛው ላይ ይኑር። መድፋት ነውር እንዳልሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ እናንተም ደፍታችሁ አሳዩ። በኛ ባህል የተሰጠንን መድፋት ይከብደናል። ስለዚህ ሳይወዱ የሚጨርሱ አሉ፣ በተለይ ትልልቆቹ።

የማይጠጡትን አትርሱ። ነፍሰ ጡር አለች፣ መድኃኒት የሚወስድ አለ፣ በሃይማኖቱ የማይጠጣ አለ፣ 21 ዓመት ያልሞላው ልጅ አለ። እነዚህ ጥግ ላይ ሶዳ ይዘው እንዲቀመጡ አላደርግም። ብርዝ እበጠብጥላቸዋለሁ። ማርና ውሃ፣ በዚያው ቀን፣ ሳይፈላ። ያስቀመጥነው ብርሌ የሚወጣው ለዚህ ነው። ጠረጴዛው ላይ ከሁሉ የሚያምረው ዕቃ የእነሱ ነው። ማሩንም እንደ ቢራው እንዲያወዳድሩት ሁለት ዓይነት አደርጋለሁ፣ አንድ የሀገር ቤት፣ አንድ የሚሺጋን።

ቦታ ካላችሁ ከዓመት ዓመት ማስቀመጥም ይቻላል። ሁለት ገዝታችሁ አንዱን ጠጡ፣ አንዱን አቆዩ። ጠርሙሱ ቆሞ፣ ብርሃን በማያገኘው፣ ሙቀቱ በማይለዋወጥ ቦታ። ፈርነሱ፣ የቤት ማሞቂያው፣ አጠገብ አታድርጉት። በሚቀጥለው ገና አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አቅርቡ። አልኮሉ ይለዝባል፣ ቴምሩና ሞላሰሱ ይወጣል። እጅግ ከቆየ ግን እርጥብ ካርቶን ይሸታል። ቡና ያለበትን አታስቀምጡ፣ ቡናው ነው ቀድሞ የሚጠፋው። እኔ ከሦስት ዓመት በላይ አላቆይም።

ቅምሻው እንዳለቀ ባዶዎቹን ጠርሙሶች አነሳለሁ፣ የተረፈውን ከድኜ ፍሪጅ ውስጥ አስገባለሁ። ጠረጴዛው ላይ ከቆየ ይጠጣል። በማግስቱ ቸኮሌት ኬክ ውስጥ ይገባል ወይም ቫኒላ አይስክሬም ላይ ይፈሳል፣ በጣም ይጣፍጣል።

ከዚያ ቡናው ይመጣል። ቡና ስካር ያበርዳል የሚል ሰው ካለ አትመኑት፣ አያበርድም። ንቁ ሰካራም ያደርጋል እንጂ። ሰውነት አንድ መደበኛ መጠጥ ለማጥፋት አንድ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ የሚያፋጥነው ነገር የለም። ቡናችን የሚረዳን በሌላ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ሁለት ሰዓት ይሄዳል። እህቴን በረካ ሳይጠጣ ማንም እንዳይነሳ አድርጊ ብያታለሁ። እሷ ስትቆጣ የሚነሳ የለም።

የሚነዳ ሰው ከመጀመሪያው ይለይ፣ እሱ አይቀምስም። ለእሱ ከየጠርሙሱ አንድ ሲኒ በትንሽ ማሰሮ መሰል ጠርሙስ አሽገን ወደ ቤቱ እንዲወስድ እናደርጋለን፣ የመኪናው ሻንጣ ውስጥ። የሌሎቹ ቁልፍ በር ላይ ባለችው ሙዳይ ይገባል። ቁልፍ የሚሰበስበውም፣ በሲኒ ለክቶ የሚቀዳውም የባለቤቴ ወንድም ነው። አሳላፊያችን እሱ ነው። አንጓው ድኗል፣ ብርድ ሲሆን ግን ያመዋል፣ ስለዚህ ጠርሙሱን በግራ እጁ ነው የሚይዘው። ዘንድሮ አንድ ወጣት ዘመዳችን ብርጭቆውን ዘርግቶ «ጋሼ፣ ጨምርልኝ እንጂ» ሲለው ሰማሁ። እሱ ሲኒውን አነሳና አሳየው፣ «ይቺ ናት» አለው፣ ጠርሙሱንም ወደ ኋላው አስቀመጠ።